ንፋስ ሰፋሪዋ

ለቅሶ የመጣው ሁሉ አጎቴን «ደግ ነበሩ» ይላቸዋል። ለእኔ ደግ አልነበሩም። ለዩኒቨርሲቲ ጥናቴ አንኮበር ግቢያቸው ውስጥ፣ ከምድር ወጥቶ አየሩ ውስጥ የሚገኘውን የተፈጥሮ ጨረር እለካለሁ። መሣሪያው አየሩን በወረቀት ያጣራል፤ የምለካውም ወረቀቱ ላይ ከቀረው አቧራ የሚወጣውን ጨረር ነው። ጠዋት ጠዋት በጎረቤት ፊት፣ «አንቺ ንፋስ ሰፋሪ፣ ዛሬስ ስንት ቁና ሞላልሽ?» እያሉ ያሳፍሩኝ ነበር። አንድ ቀን ወረቀቱን አራግፈው፣ «እንኪ፣ እብቁን አበጠርኩልሽ» አሉኝ። የቀኑ ልፋቴ ጠፋ። አንቱ ስላቸው የኖርኩትን ሰው፣ «ሁለተኛ እንዳትነካ!» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሳንነጋገር ሞቱ። እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም። ዛሬም ወረቀቱን ስቀይር ጀርባዬን ለበራቸው ሰጥቼ እሸፍነዋለሁ፤ ወጥተው የሚያራግፉብኝ እሳቸው ግን የሉም።