የኔታ መኪናዬን ሲያዳምጡ

ያገለገለች ትንሽ መኪና ገዝቼ አበሳዬን አየሁ። መንገድ ላይ መብራቷም ሞተሯም ድንገት እልም ይላል። ሦስት ኤሌክትሪሺያኖች ፈታተው ገጠሟት፤ ሕመሟን ያገኘላት ግን የለም።

በመጨረሻ ልሸጣት ገዢው ወደሚጠብቀኝ ደብረ ታቦር ስነዳ፣ ጋፋት አጠገብ ዓይነ ስውሩን የዜማ መምህር፣ የኔታን፣ አሳፈርኩ። ዳገቱ መሃል ቀጥ አለች። ቁልፉን ባዞር ባዞር ቀጭ ቀጭ ከማለት በቀር ወይ ፍንክች! መራገም ስጀምር፣

«ዝም በልና አንዴ አዙረው» አሉኝ።

አዞርኩ።

«ድገመው።»

እጃቸውን ሰደው ከመሪው ሥር ያለውን ክዳን ኳ ኳ አደረጉ። «እዚህ ጋ አንዱ ድምፅ ከሌሎቹ ይዘገያል።»

ብከፍተው አንድ ሽቦ ላልቷል። ጫን ሳደርገው መኪናዋ ተነሳች።

ወደ እሳቸው ዞርኩ። «የኔታ፣ መኪና ያውቃሉ እንዴ?»

«መኪና ምኑን አውቄው! አርባ ተማሪ አብሮ ሲያዜም አፉን ብቻ የሚያላውሰውን ግን አውቃለሁ።»