ቆሻሻ ያልኳቸው ዘፈኖች

ያ አሮጌ ኮምፒውተር ከነመጓጓዣው ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር በልቶብኛል። ያኔ ዳንግላ ላይ በሰው ሞባይል ዘፈን እየጫንኩ ነበር የምተዳደረው። እንጅባራ ያሉ አንድ አዛውንት የዘፈን መጫኛ ሱቃቸውን ዘግተው ኮምፒውተራቸውን ሊሸጡ መሆናቸውን ሰማሁ። ማሽናቸው አርጅቷል፤ ሆዱ ውስጥ ግን ሌላ ሱቅ የማይገኙ የአገውኛ ዘፈኖች ነበሩ። ገበሬው በገበያ ቀን የሚጠይቀኝ እነዚያን ነው፤ የሄድኩትም ለእነሱ ነው።

የወደዱትን ዕቃ ማናናቅ የገበያ ሕግ ነው። ከፍተው ሲያሳዩኝ ፊቴን አጨማደድኩ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የዶሮ ቆጥ ነው።"

"ቆጥ ከሆነ ውጣና ስፈርበት። ሦስት ሺህ አምስት መቶ።"

"ዘፈኖቹስ ቢሆኑ ቆሻሻ አይደሉም? ሁለት ሺህ ይውሰዱ።"

"አባትህም በሬ ሲገዛ እንዲህ ይሳደብ ነበር?"

ስንዘላለፍ አርፍደን በሁለት ሺህ አምስት መቶ ቆረጥን። ብሩን ተቀብለው "ቆይ፣ ምራቂ ልጨምርልህ" አሉና ማሽኑን ይዘው ጓዳ ገቡ። ስፒከር ሊጨምሩልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ጠበቅኩ።

ዳንግላ ገብቼ ስከፍተው አንድም ዘፈን የለበትም። ደወልኩላቸው።

"ቆሻሻ አላልክም? ጠራርጌ ሰጠሁህ። ምራቂህ እሱ ነው።"

"የገዛሁት እኮ ለዘፈኖቹ ብዬ ነው!"

"ታዲያ ያኔ አትናገርም ነበር?" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ማሽኑን ለአንድ ጽሕፈት ቤት በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሸጥኩት። አንድ ሺህ አንድ መቶ ብር ከሰርኩ።