ማሽኑ ቀርተዋል ያላቸው ዘበኛ

እስካሁን ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ኦሎምፒያ አጠገብ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ የሠራተኛ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚመዘግብ ማሽን እየገጣጠምን እንሸጥ ነበር። ሠራተኛው ጣቱን ያስነካል፣ ማሽኑ ቀኑንና ሰዓቱን ይይዛል፣ በቃ። አለቃዬና እኔ ብቻ ነበርን። እሱ ይሸጣል፣ እኔ እሠራለሁ፤ ሲበላሽ የምሰደበውም እኔ ነኝ።

ማሽኑ ውስጥ ሰዓት የምትይዝ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቺፕ አለች። መብራት ሲጠፋ ከጎኗ ባለችው ክብ ባትሪ መቁጠሯን መቀጠል አለባት። ግን ካላዘዟት አትቀጥልም። ሬጅስተር የምንላቸው ትንንሽ የቁጥር ማስቀመጫዎች አሏት፤ አንዳንዶቹ ደቂቃና ሰዓት ይይዛሉ፣ አንዳንዶቹ ጠባይዋን ይወስናሉ። ከመቆጣጠሪያው ሬጅስተር ውስጥ ዜሮ ወይም አንድ ብቻ የምትይዝ አንዲት ቢት አለች፤ ዜሮ ከሆነች ቺፗ በባትሪ ትሠራለች፤ አንድ ከሆነች መብራት ሲጠፋ እሷም ትተኛለች። አለቃዬ ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት ገልብጦ ሲያመጣ ያቺ ቢት አንድ ነበረች። አይቼ ነገርኩት።

"እየሠራ ያለ ነገር አትነካኪ" አለኝ።

"የሚሠራው መብራት እስኪጠፋ ነው።"

"ኧረ ባክሽ፣ አታካብጂ!"

መብራት እንደሚጠፋ ለአዲስ አበባ ሰው ይነገራል? ማሽኑ ካዛንቺስ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት ተሸጠ፤ መብራቱም ጠፋ፤ ሰዓቱም ቆመ። አለቃዬ ለእኔ ትንፍሽ ሳይል ሄዶ ሰዓቱን በእጁ ሞላው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። መሥሪያ ቤቱ ማሽኑ በእኛ ሰዓት እንዲቆጥር ፈልጎ ነበር። የእኛ ቀን የሚጀምረው ማለዳ አስራ ሁለት ላይ ነው። ቺፗ ደግሞ ቀን የምትቀይረው ከፒኤም ወደ ኤኤም ስትሻገር ነው። ስለዚህ ለእሷ ቀኑ በሙሉ ኤኤም፣ ሌሊቱ በሙሉ ፒኤም ነው መባል ያለበት። አለቃዬ የሞላው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ስልኩን ሲያይ ፒኤም ይላል። ዘጠኙን ከእኛ ሰዓት፣ ፒኤሙን ከፈረንጁ ወስዶ አንድ ላይ አስገባው። ከዚያ በኋላ ያ ማሽን ቀን የሚቀይረው ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሆነ።

በቀን የሚሠሩት ሳይመሽ ስለሚወጡ ምንም አልታወቃቸውም። የሌሊቱን ዘበኛ ግን አገኛቸው። ሥራቸው የሚጀምረው ማታ አስራ ሁለት ነው። ድሮ ቤታቸው ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ከተማው ዳር ቤት ተሰጣቸው፤ አሁን ሜክሲኮ ላይ ተሰልፈው፣ ሁለት ታክሲ ቀያይረው ነው የሚደርሱት። ቀድመው የደረሱ ቀን ማሽኑ "ዛሬ" ብሎ ይይዛቸዋል። በማግስቱ ከአስራ ሁለት ትንሽ ካለፈባቸው "ነገ" ይልና ዛሬ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ቆመው ያደሩት ሰው ወረቀቱ ላይ ቀርተዋል። የስንብት ደብዳቤ ሰጧቸው።

ደብዳቤውን ይዘው እኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። እያለከለኩ ነበር።

"ልጄ፣ እኔ እኮ መጥቻለሁ። ማሽንሽ ለምን ካደኝ?"

ቀሩ የተባሉባቸውን ቀናት ሳይና አለቃዬ ሰዓቱን መቼ እንደሞላው ስጠይቀው ነገሩ ገባኝ። እሱም ገባው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ወደ ጥግ ጎትቶ "ዝም በይ፣ ደንበኛ ታሳጪኛለሽ" አለኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው! ስህተቱ የእሱ፣ ዱላው የሽማግሌው። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

"ጋሼ፣ ይነሱ፣ አብረን እንሂድ" አልኳቸው። በባምቢስ በኩል በእግራችን ሄድን። እኔ በንዴት እሮጣለሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ "ቀስ በይ ልጄ" ይላሉ።

የአስተዳደር ኃላፊዋ ቀና ብላም አላየችንም። "ማሽን አይዋሽም" አለች።

"ማሽን የነገሩትን ነው የሚናገረው። የነገረው ሰው ተሳስቷል" አልኩና የማሽኑን ክዳን ከፍቼ ላፕቶፔን ሰካሁበት። ያቺን ቢት ዜሮ አደረግኋት። ፒኤሙን ወደ ኤኤም መለስኩት። ከተሞላበት ቀን ጀምሮ ያለውን መዝገብ በሙሉ አስራ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ መልሼ አተምኩላት። ቀሩ የተባሉባቸው ቀናት ሁሉ ተሞሉ፤ አንድም ባዶ የለም። ዘበኛው ወረቀቱን አሻግረው እያዩ ፈገግ አሉ። እኔም እንደ ሞኝ ደስ አለኝ።

ኃላፊዋ እስክሪብቶ አንስታ መስመር በመስመር ወረደችበት።

"እውነትሽን ነው፣ አልቀሩም" አለች። "ግን እነዚህን ቀናት ሁሉ የገቡት ከአስራ ሁለት በኋላ ነው። ሲደጋገም ማርፈድም ያሰናብታል። ደብዳቤው ላይ ምክንያቱን እናስተካክለዋለን።"

አበድኩባት። "ጓሯችሁ ይኖሩ የነበሩ ሰው ናቸው እኮ! ከተማ ዳር የወሰዳቸው እግራቸው ነው? አምስት ደቂቃ ያረፈደ ሰው እስኪነጋ ሲጠብቃችሁ አላደረም?" ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ጸሐፊዋን ጠራች። ያተምኩትን ወረቀት ከደብዳቤው ጋር አያያዘችው፤ ማስረጃ ነው አለች።

በሩ ላይ ስንደርስ ዘበኛው ቆሙ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ቀርተሃል ሲሉኝ ውሸት ነው ብዬ እከራከር ነበር። አሁን ምን ብዬ ልከራከር?"