የአውሮፕላኑ ዓይኖች

ባለፈው ቅዳሜ ሞጣ፣ ከወንድሜ የብረት ሥራ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ የቲነር ሽታ ከውስጥ መጣብኝ። አዲስ የበየዱትን በር እየቀቡ ነበር። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ቆሜ በደንብ ሳብኩት። ይህ ሽታ ለእኔ የበር ሽታ አይደለም። ቢቸና የነበረው የአባታችን ግቢ ሽታ ነው፤ ባሕር ዛፎቹ ሥር ክንፉን ዘርግቶ የቆመ አውሮፕላን ሽታ።

አዎ፣ አውሮፕላን። የሠራው ወንድሜ ነው፤ የቀባሁት እኔ ነኝ።

ያኔ እሱ እዚሁ ሞጣ ብየዳ ይለማመድ ነበር። ቢቸና በመጣ ቁጥር ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የብረት ቁርጥራጭ ያወርዳል። አሠራሩን በስልኩ ቪዲዮ እያየ፣ እያፈረሰ፣ እንደገና እየበየደ ተማረ። ሞተሩን ከተጋጨ ሞተር ሳይክል ላይ አወጣው። ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ ክንፉ ከአጥሩ በላይ ሲታይ ሳቁን ተወና ያማትብ ጀመር።

እኔ ያቋረጥኩትን ትምህርት እንደገና ከጀመርኩ ገና ጥቂት ጊዜዬ ነበር። እናታችን ስታርፍ ቤቱ በእኔ ላይ ወደቀ፤ ወንድሜን አሳደግኩ፤ እሱ በእግሩ ሲቆም ነው ደብተር መልሼ የያዝኩት። ከልጆች ጋር ሰባተኛ ክፍል ተቀምጬ ሳለ አዲስ የመጣ መምህር የማን እናት እንደሆንኩ ጠይቆኛል። የማንም አይደለሁም፣ የቤት ሥራዬን ላሳይዎት ነው አልኩት።

አባታችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። የሚሥሉት አቡጀዴ ላይ ነው፤ ጨርቁ ይወጠራል፣ ኮላ ይጠጣል፣ ደርቆ በጥፍር ሲመታ እንደ ከበሮ ይመልሳል። ያን ጊዜ ነው ቀለም የሚቀበለው። ጨርቅ መወጠርና ቀለም መበጥበጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ሥራ ነበር። ቡሩሹ ግን ከእሳቸው እጅ ወጥቶ አያውቅም። ሴት ልጅ ሥዕል ስትሥል በአገራችን አልታየም፤ እሳቸው ያዢው አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ወንድሜ አንድ ቀን የክንፉን አጥንት እያሳየ፣ “እታለም፣ ይህን የሚያለብስልኝ ሰው አጣሁ” ሲል ሳቄ መጣ። ለእሱ ክንፍ ነው፤ ለእኔ ሌላ የጨርቅ መወጠሪያ ነበር።

ጨርቁን በእጄ ሰፋሁ። የተንሸዋረረ ስፌት ካየሁ እተረትራለሁ፤ ወንድሜ “ማንም አያየውም እኮ” ይላል፤ እኔ አየዋለሁ እለዋለሁ። ኮላው ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ቀለሙን አጥብቆ የሚያስጠነቅቀኝ እሱ ነበር፤ ቀለም ክብደት ነው፣ ብታወፍሪው ከመሬት አይለቅም ይለኛል። በቲነር አቅጥኜ፣ ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ነፋስ አቧራ ሳያነሣ እቀባለሁ። ቢጫ ነበር የመረጥኩት፤ አባታችን ከቅዱሳን ራስ ጀርባ የሚያኖሩትን ቢጫ። ፀሐይ ስታርፍበት ግቢው በሙሉ ይበራ ነበር።

ቀለሙ አልቆ ፊቱን ሳየው ባዶ ሆነብኝ። የሚበር ነገር ዓይን ያሻዋል ብዬ እንደ ወፍ በአፍንጫው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ዓይን ሣልኩለት። ዛሬም እላለሁ፣ ያማሩ ዓይኖች ነበሩ።

እሑድ ከቅዳሴ የወጣው ሰው ሊያይ መጣ። ሁሉም አጥሩን ተደግፎ ከጎን ነበር የሚያየው። ጎረቤታችን የሆነችው ጠላ ሻጭ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየችና፣ “ምነው ልጄ፣ ይህ ከይሁዳ ጎን የተቀመጠ ነው እንዴ?” አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ጻድቅ ፊቱን ወደ አንተ መልሶ፣ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ከሃዲው፣ ገራፊው፣ ሰይጣኑ ነው። የእኔ አውሮፕላን ደግሞ ከየትኛውም ጎን ቢቆሙ አንድ ዓይን ነው። የሠዓሊ ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ! ወሬው “አንድ ዓይናው ክፉ ነው” እየተባለ ከአጥር አጥር ዞረ።

ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። ሰዉን ፈርቶ አይደለም፤ አባባ ካልባረኩኝ አልነሣም ብሎ ከመጀመሪያው ቃል ገብቶ ነበር። አባታችን ደግሞ በዚያ ሁሉ ወራት አንድ ቀን እንኳ ወጥተው አላዩትም። ከቤት በር ላይ ሆነው “ደረሰ ወይ?” ይላሉ፤ ሊደርስ ነው ስንላቸው ይመለሳሉ። ተቀይመዋል ብለን ነበር። አሁን ይህን ሰምተው እንዴት ይባርኩታል?

በማግሥቱ ጠዋት በትራቸውን ይዘው ወጡ። ወንድሜ ተነሥቶ፣ “አባባ፣ አንቱ ክፉ ነው ካሉ አፈርሰዋለሁ” አላቸው። ወደ አፍንጫው ቀርበው ጨርቁን በጥፍራቸው መቱት። አዳመጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“ማን ወጠረው?”

“እኔ ነኝ።”

“ዓይኑን የሣልሽው የት ላይ ነው? እጄን አድርሺው።”

እጃቸውን ይዤ ዓይኑ ላይ አኖርኩት። ቡሩሽና ጥቁር ቀለም አስመጡ፤ ጣታቸው እኔ የሣልኩትን ዓይን እንደነካ፣ ከጎኑ ሌላ ዓይን ሣሉለት። ቀስ ብለው ነበር የሚሠሩት። ሲጨርሱ ቡሩሹን ወደ እኔ ዘረጉ።

“የወዲያኛውን አንቺ ጨርሺው” አሉኝ።

ቡሩሹ በእጃቸው ሞቆ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ወረቀት ተቀብያለሁ፤ የዲግሪዬን ጭምር። ያን ጠዋት የተቀበልኩትን ያህል የከበደኝ የለም።

ጠላ ሻጯ ከአጥሩ ማዶ፣ “እንግዲህ አራት ዓይን ሆነ” አለች።

አባታችን ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ “ኪሩቤል ስንት ዓይን እንዳላቸው ንስሐ አባትሽን ጠይቂ” አሏት።

እህሉ ታጭዶ ሜዳው ሲለቀቅ አወጣነው። አባታችን ወንድሜን በግንባሩ ስመው “በሰላም ያውጣህ፣ በሰላም ያግባህ” አሉት። ሞተሩ እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ የገለባ አቧራ አፋችንን ሞላው። ቢጫው ነገር እየዘለለ ሮጠ፣ ሮጠ፤ ከዚያ መዝለሉን ተወ።

አባታችን ክንዴን ጨበጡ። “ተነሣ ወይ?” አሉኝ።

“ተነሣ፣ አባባ። ጎማው መሬት ለቋል። ጥላው ከሥሩ ብቻውን ይሄዳል።”

አየር ላይ የቆየው አንድ “አባታችን ሆይ” ለማድረስ አይበቃም። ወርዶ የፊት እግሩ ተሰበረ፤ ወንድሜ አገጩ እየደማ፣ እየሳቀ ወጣ። በሰላም ገባ።

የአባታችን ዓይን ከዚያ በፊት ጀምሮ እየከዳቸው እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው። ወጥተው ያላዩት ተቀይመው አልነበረም፤ አለማየታቸውን እንዳናይ ነበር። ያ ዓይን የመጨረሻ ሥዕላቸው ሆነ። አሁን የሉም። ብረቱ ሌላ ነገር ሆኗል፤ የአፍንጫውን የቀኝ ጨርቅ ግን እኔ ወስጄ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። ሁለት ዓይን ነው። የእኔው መስመሩ የጠራ ነው። የእሳቸው ዝቅ ብሏል፣ ጠርዙም ይንቀጠቀጣል። ዛሬ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼ መስመር ካጣመሙ አስደግማቸዋለሁ፤ በዚህ ያሙኛል።

ቅዳሜ ዕለት ወንድሜ ቡሩሹን በቲነር እያጠበ ቀና ብሎ አየኝና፣ “እታለም፣ ያቺን የአባባን ዓይን አምጪልኝ፣ ትንሽ ከፍ ላድርጋት” አለኝ፤ ሊያሾፍብኝ ነው።

“አትነካትም” አልኩት። “እሳቸው እንዳዩዋት ትኑር።”