አደምና ናዳ የበጠሰው የስልክ ሽቦ

አደም ባሕር ዳር ጣና ዳርቻ ላይ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ቄጠማ ታንኳ እየሠራ፣ በሠራውም ዓሣ እያጠመደ የሚኖር ሰው ነበር። በ1930 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከዘንዘልማ ወደ ሐሙሲት የሚወስደው መንገድ ላይ ገመገሙ ተንዶ ሦስት የስልክ እንጨት ይዞ ወረደ። ጣልያኖች ግን ናዳ ሽቦ ይበጥሳል ብለው አላመኑም። ሰኞ ዕለት ጥፋተኛ ሲፈልጉ የአደምን ታንኳ አገኙ፤ አፍንጫዋ የተጠፈረው አንድ ክንድ በሚሆን ሽቦ ነበር።

"መንገድ ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት" አለ አደም።

የጣልያኖቹ ሹም ታንኳዋን አሰረ። ውሃው ውስጥ እንዳለች በሰንሰለት ቆልፎ ገብረ መስቀል የሚባል ባንዳ ዘብ አቆመባት። ሽቦው እስኪናገር አትፈታም።

"ወንድሜ፣ ደንገል ውሃ ይጠጣል" አለ አደም። "ሥራ ስንጨርስ ሁሌ አውጥተን ፀሐይ ላይ ነው የምናቆማት። እባክህ ወደ ደረቁ ሳባት።"

"እስረኛ ያለ ወረቀት አይንቀሳቀስም" አለ ገብረ መስቀል።

"እኔንስ ለምን አላሰራችሁኝም?"

"አንተማ ሽቦውን ትጠግናለህ።"

ሚስቱ ዘሊካ ስንቁን እየቋጠረች "ዓሣውንስ በምን ልናጠምድ ነው? በሽቦው?" አለችው።

አደም እንጨቶቹን ከጭቃ ቆፍሮ አቆመ። ሽቦውን ግን በሚያውቀው ሙያ ቀጠለው። ታንኳ ሠሪ ሁለት ነገር ሲያጋጥም እንዳይፋተግ በመካከሉ ደንገል ይጎዘጉዛል። እሱም ሁለቱን ጫፎች በደንገል ለያይቶ፣ ጠፍሮ፣ አሳምሮ አሰራቸው። በመስመሩ ሁሉ እንደዚያ ያለ ቋጠሮ አልነበረም። ድምፅም አልነበረም።

ረቡዕ ሹሙ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆየና ተቆጣ።

"ብረት ብረትን ካልነካ አይናገርም ይላል" ሲል ገብረ መስቀል አስተረጎመ።

"እንዲያማ ከሆነ ይፋተጋል። ዓመት አይቆይም።"

ገብረ መስቀል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኛስ ዓመት እንደምንቆይ ማን ነገረህ?"

አደም ተመልሶ ደንገሉን አወጣ፤ ብረቱን ከብረት ጋር ጠመዘዘው። ሐሙስ ሽቦው ተናገረ። ሹሙ የመፍቻ ወረቀት ጻፈ፤ አደም "ታንኳዬን በደህና ተረክቤያለሁ" በሚለው ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ።

አደም ከዘሊካና ከገብረ መስቀል ጋር ዳርቻው ሲደርስ የሚታየው ሰንሰለቱ ብቻ ነበር። ሦስቱም ውሃ ውስጥ ገብተው ጎተቱ። ታንኳዋ ንቅንቅ አልል አለች።

"ሰኞ ብትስባት አንድ እጅህ ይበቃት ነበር" አለችው ዘሊካ።

"ሰኞ ወረቀት አልነበረኝማ" አለ ገብረ መስቀል እያለከለከ።

አደም ቢላዋውን አውጥቶ ማሰሪያዋን በጠሰ። የበሰበሰውን ደንገል እቅፍ እቅፍ እያደረገ ለማገዶ ድንጋዩ ላይ አሰጣው። ከዚያ ማጭድ ይዞ አዲስ ደንገል ሊያጭድ ወረደ።