ልጄ ካናዳ የሄደችው ክሪኬት ልትጫወት ነው

ወሬውን የሰማሁት ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ፣ የምሠራበት መጋዘን ፓርኪንግ ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ምሳዬን ልበላ ስል ነው። ሥራ ላይ ስልክ ስለማይፈቀድ መኪና ውስጥ ትቼው ነው የምገባው። ከፈትኩት፤ ልጄ ደጋግማ ደውላለች። ልጅ በሥራ ሰዓት እንዲህ ሲደውል እናት የምታስበው አንድ ነገር ነው። አማተብኩና መልሼ ደወልኩ።

«ማሚ፣ ተመረጥኩ!»

«ለምኑ?»

«ለናሽናል ቲሙ! ለአሜሪካ፣ ለሴቶቹ። ካናዳ ልንሄድ ነው።»

«የምን ቡድን?»

«ክሪኬት ነዋ፣ ማሚ! ሌላ ምን እጫወታለሁ?»

እውነቷን ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከህንድና ከፓኪስታን ልጆች ጋር ስትጫወት ነው የምትውለው። እኔ ግን እንደ ሰውነት ማፍታቻ ነበር የምቆጥረው። አንዴ ዋይሊ ድረስ ወስዳኝ አይቻለሁ። ሁሉም ረጅም ሱሪና ባለ ሙሉ እጅጌ ሸሚዝ ለብሰዋል። አንዷ ጠፍጣፋ ዱላ ይዛ የተወረወረላትን ኳስ ትመታለች፤ የቀሩት ሜዳው ላይ ተበትነው ያሳድዳሉ። ጠዋት ተጀምሮ ማታ ያልቃል፤ እኩሌታው ላይ ጨዋታው ይቆምና ሁሉም ተቀምጦ ምሳ ይበላል። ምሳ የሚያከብር ጨዋታ መጥፎ ሊሆን አይችልም ብዬ ተመለስኩ። ካናዳ የሚጫወቱትም ይኸንኑ በአንድ ቀን የሚያልቀውን ነው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ሃምሳ ኦቨር፣ በአንዱ ኦቨር ስድስት ኳስ። አምስት ቀን የሚፈጅም አለ ብላኛለች። እሱን አላመንኳትም።

ሥራ ስመለስ ፎርክሊፍት ለሚነዳው ፓኪስታናዊ ነገርኩት። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«ልጅሽ? ለሀገር?»

«ለሀገር።»

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። በእኔ አገር እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ስታልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሣላታል አለኝ። ያን ዕለት ከባድ ካርቶን አላስነሣኝም።

ለሐበሻ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ቤት ስገባ ልጄንም አስጠነቀቅኳት።

«ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ማሚ፣ ዌብሳይት ላይ ወጥቷል እኮ።»

«ዌብሳይቱን ሐበሻ አያየውም።»

«ሶ ምንድነው ችግሩ? ጥሩ ነገር ነው አይደል?»

«ጥሩ ነገር ስለሆነ ነዋ!»

ይህን እዚህ ላደገ ልጅ ማስረዳት ከባድ ነው። እኛ ዘንድ ጉዞ አስቀድሞ አይወራም። ቪዛ የተመታለትን ሰው ጎረቤቱ የሚያውቀው አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ያረገዘች ሆዷ እስኪገፋ፣ ቤት የገዛ ቁልፉን እስኪይዝ ዝም ይላል። የሰው ዓይን አለ፣ የሰው አፍ አለ። እኔም በሰላም ስትመለስልኝ ድፎ ደፍቼ ለማኅበራችን ሴቶች ላበስር ነበር ሐሳቤ። ይህን ድብቅነት የሚለው ሰው አለ። እኔ ጥንቃቄ እለዋለሁ፤ ነገም ቢሆን እንዲሁ አደርጋለሁ።

ጉዞው የዋለው ፍልሰታ ላይ ነው። ፍልሰታን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጾማለች፤ ከመዘምራኑ ጋር ቆማም ትዘምራለች። አሁን ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ በባዶ ሆድ፣ ያለ ውሃ መቆም አይሆንላትም። ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። «መንገደኛ ነሽ፤ ከጾም ምግብ አትውጪ እንጂ በሰዓቱ አትጨነቂ» አሏት። በሶዋንና ቆሎዋን ቋጠርኩላት። እኔ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘሁ አብሬያት አልሄድኩም። ኤርፖርት፣ በኤር ካናዳ በር ላይ አቅፌያት አለቀስኩ። እናት ልጇን ስትሸኝ ታለቅሳለች፤ ምን አለበት? ከተሰለፉት ታክሲዎች አንዱ ውስጥ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ተቀምጦ ሲያየን እንደነበረ የሰማሁት በኋላ ነው።

በጾሙ ቅዳሴ ሳስቀድስ ሴቶቹ ይጠይቁኛል።

«ልጅሽ የት ጠፋች?»

«አለች።»

«መዝሙር ላይ አጣናት፤ ታማ ነው እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

አልዋሸሁም። አለች፣ ደህናም ናት። ከካናዳ ስትደውል «ማሚ፣ ዊኬት ወሰድኩ!» ትለኛለች፤ እኔ «በላሽ ወይ?» እላለሁ። በማግስቱ ፓኪስታናዊው ምን አደረገች ብሎ ይጠብቀኛል። ዊኬት መውሰድ ማለት ከባላጋራ አንዷን ተጫዋች ከሜዳ ማስወጣት መሆኑን ያስረዳኝ እሱ ነው። እንደገባኝ ሲያይ እንደ ልጅ ያጨበጭባል።

ልጄ በሰላም ተመለሰች። ከስታለች፣ ፀሐይ አክስሏታል፣ ግራ ጣቷ ታስሯል። ያ ኳስ ድንጋይ ነው፤ በባዶ እጅ ነው የሚቀለበው። የሰበራትን ኳስ ግን አልለቀቀችም።

በዓሉ ደረሰ። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ወጣቶቹ ነጭ ለብሰው ይቆርባሉ። ልጄ አልተነሣችም። ንስሐ አባቷ ቢፈቅዱላትም እሷ «ሰዓቱን እንደ ሌሎቹ ሳልጾም ከእነሱ ጋር አልቆምም» አለች። በራሷ ሕሊና ነው። እኔ ኮራሁባት። ከኋላችን የነበሩት ግን ያዩት ሌላ ነው፤ ስትቆርብ የኖረች ያላገባች ልጅ፣ ጠፍታ ከርማ፣ ከስታ መጥታ፣ ከቁርባን ቀረች። የታክሲው ሰውም ያየውን ተናግሮ ኖሯል። እናት ኤርፖርት ላይ ስታለቅስ፣ ከዚያ «አለች» ስትል። ሁሉን አንድ ላይ አደረጉት።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ገብተን ማዕድ ቀረብን። የማኅበራችን ሴቶች ሁሉ የሚያከብሯቸው፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ እትዬ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ልጅ ነው፣ ይሳሳታል። እኛ አንፈርድም።»

«ማን ተሳሳተ፣ እትዬ?»

«አሁን ይሄ ይነገራል? ብቻ ካናዳ ድረስ ልከሽ ጉዷን ከምታስጨርሻት ብታማክሪን ምን ነበረበት?»

እዚህ ቴክሳስ ማስወረድ ክልክል ስለሆነ እዚያ ልኬ አስወረድኳት ማለታቸው ነው።

«ልጄ ካናዳ የሄደችው ክሪኬት ልትጫወት ነው።»

ጮክ ብዬ ነው መሰል ጠረጴዛው ሁሉ ዞረ።

«ምን ልትጫወት?»

«ክሪኬት። ለአሜሪካ ቡድን።»

ሳቅ ሆነ። ከወንዶቹ በኩል ቀልድ የማያጣው ሰው «እሱ የህንዶች አይደል እንዴ? ማለቴ፣ አሜሪካ ህንድ አልቆባት ነው የእኛን ልጅ የመረጠችው?» አለ። ሌላው ተቀበለና «አሜሪካ የክሪኬት ቡድን ካላት እኔም የበረዶ ሸርተቴ ቡድን አለኝ» አለ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴት ግን አልሳቀችም።

«ኦኬ፣ እንግዲያው ፎቶ አሳዪና! ዛሬ ፎቶ የሌለው ጉዞ አለ?»

ፎቶው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ልጄ ላበስርበት ላሰብኩት ለዚሁ ቀን ብላ ነው ያሳተመችልኝ፤ የቡድኑን ልብስ ለብሳ፣ ዱላዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ትስቃለች። እጄ ዚፑን ያዘ። ወዲያው ለቀቅኩት።

«ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አላሳይም።»

«ለምን?»

«ስታሟት ፎቶ አልጠየቃችሁም። ያንን ያለ ፎቶ ካመናችሁ ይሄንንም ያለ ፎቶ እመኑ። ካልሆነም እንዳሻችሁ።»

«ቁጣ ምን ያደርጋል፣ በዚህ በተቀደሰ ቀን» አሉ እትዬ።

«እርስዎም የተናገሩት በዚሁ በተቀደሰ ቀን ነው።»

ለትልቅ ሰው እንዲህ መልሼ አላውቅም። ብድግ ብዬ ስዞር ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። አማርኛዋ ቢሰባበርም ይህን ለመስማት ይበቃታል።

መኪና ውስጥ ገባን።

«ማሚ፣ ለምን አላሳየሻቸውም? እዛው ነበር እኮ።»

«አንቺ ብትሆኚ ታሳዪያቸው ነበር?»

«አዎ! ያልቅ ነበር።»

«አያልቅም። ዛሬ ፎቶ ይጠይቁሻል፤ ነገ የሐኪም ወረቀት አምጪ ይሉሻል።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እትዬ እኮ ልጅ ሆኜ ጸጉሬን ትሠራኝ ነበር» አለች።

ሞተሩን አስነሣሁ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ታስቀድሳለች እንጂ አዳራሽ አትገባም። መዝሙሩንም ተወች። እኔ ግን በየሳምንቱ ያችው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። «ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል፣ ፎርት ዎርዝ ለምን አትሄጂም?» ያሉኝ ነበሩ። ቤቱ የእግዚአብሔር ነው፤ ምን በድዬ ነው የምሰደደው? አንዴ ተሰድጃለሁ፣ ይበቃኛል አልኳቸው።

እውነቱ የወጣው ኤርፖርት ነው። የታክሲው ሰው ከአንድ ፓኪስታናዊ ሾፌር ጋር ተሰልፎ ሲጨዋወት፣ ሾፌሩ በቡድኑ ውስጥ አንዲት የሐበሻ ልጅ አለች፣ ኳስ አወራወሯ ጥሩ ነው ብሎ በስልኩ አሳየው። ሰውዬው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ድረስ መጥቶ ቆቡን አውልቆ ይቅር በዪኝ አለኝ። ይቅር አልኩት። እሱ ባየው ነው የተሳሳተው፤ መጥቶም ተናግሯል።

የቀሩት ግን ምንም እንዳልተባለ ሆነው «እንኳን ደስ አለሽ! ለምን ደበቅሽን?» እያሉ ሳሙኝ። ደስታው የእሷ ነው፣ ለእሷ ንገሯት አልኳቸው። አንድም ሰው አልነገራት። ለእሷ እንኳን ደስ አለሽ ማለት ያን ቀን የተባለውን ማንሣት ሆነባቸው መሰለኝ። እናም እኔን ሲያቅፉኝ፣ እሷን በሩቁ ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፏታል። ይህንን አልቀበልም። የእኔ ፊት ስለበራ የልጄ ስም ተመለሰ አይባልም።

ስለዚህ በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ለነበራችሁ፣ ለተናገራችሁትም፣ ለሳቃችሁትም፣ አቀርቅራችሁ ለበላችሁትም አንድ ልመና አለኝ። ከእኔ ይቅርታ አትጠይቁ፤ የእኔ ድርሻ አልቋል። ልጄ ቅዳሴ እንዳበቃ በሴቶቹ በር ወጥታ ወደ መኪናዋ ትሄዳለች። አትቸኩልም፤ ይደረስባታል። ከእናንተ አንዱ ደርሶ ያቁማት። ስለ ወሬው አታንሡባት። ካናዳ እንዴት ተጫወትሽ በሏት፤ ባይገባችሁም እስክትጨርስ ስሟት። ከዚያ እጇን ይዛችሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ወደ አዳራሹ አስገቧት።