የጎማው አቧራ

ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ የሚሄደው ሚኒባስ አንድ ባለብስክሌት ከወዲያ በኩል የመንገዱን ወሬ ይዞ ሳይመጣ አይነሳም። ስሙን የጠየቀው የለም። ከሲታ ነው፤ በሙቀትም የማያወልቀው ጥቁር ካፖርት አለው። የቀኝ ሱሪውን ጫፍ ሰንሰለቱ እንዳይዝበት በክር ያስረዋል። ቤተክርስቲያን ፊት ሲደርስ ምንም ቢቸኩል ይወርዳል፤ ተሳልሞ ብስክሌቱን እየገፋ ያልፋል።

ሾፌሮቹ ከአፉ ይልቅ ጎማውን ያምናሉ። በዋናው መንገድ ከመጣ ጎማው ቀይ ነው። መንገዱ ካስፈራው ግን በጥዱ ደን፣ በኖራ ድንጋዩ ጠጠር አቋርጦ ስለሚመጣ ጎማው ዱቄት የነካው ይመስላል።

ዛሬ አርፍዶ ደረሰ። እኛ ሞልተን ተቀምጠናል። የማናውቃቸው ሁለት ጎረምሶች በሩን ተደግፈው ሾፌራችንን ምንይሉን ያጣድፉታል።

"ምን ትጠብቃለህ? ንዳው እንጂ!"

ምንይሉ በመስኮቱ ብቅ አለ። "መንገዱ እንዴት ነው?"

ባለብስክሌቱ ጎረምሶቹን አየት አደረጋቸው። "ሰላም ነው፤ ሂዱ" አለ ጮክ ብሎ። ይህን እያለ የፊት ጎማውን ቀስ አድርጎ ወደ ምንይሉ አዞረው።

ነጭ ነበር።

ምንይሉ ሞተሩን አጠፋ። "ፍሬኑ አልያዝ ብሎኛል፤ ውረዱ" አለን። ያጉረመረመ የለም። ከኋላዬ የነበሩት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው "ይሁን ልጄ፣ ነገ እንሄዳለን" እያሉ ቀድመው ወረዱ።

ባለብስክሌቱ ጎንበስ ብሎ ጎማውን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገው። ጎማው ጠቆረ፤ እጅጌው ነጣ።

አንደኛው ጎረምሳ የነጣውን እጅጌ እያየ ነበር።